ቀስቱን ተዪውና ሶፋውን እዪው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ጋሼ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትንሽ የማስታወቂያ ቤት አለችኝ። ባነር፣ ስቲከርና ታፔላ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ቀለሙንም ፎንቱንም ይወዱታል። ግን "ዝም ያለ ነው፣ አይንቀሳቀስም" የሚል አስተያየት ይደጋገምብኛል። ኦንላይን ስማር ከመስመር፣ ከቅርጽና ከቀለም ጋር አቅጣጫም አንድ ኤለመንት ነው ተባልኩ። እኔ ቀስት መጨመር መሰለኝ። ያያያዝኩት ለአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ የሠራሁት ባነር ነው። አራት ቀስት አድርጌበታለሁ፤ አሁንም ዝም ያለ ነው አሉኝ። አቅጣጫ ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞ የዚሁ ሱቅ አይሱዙ ላይ ስቲከር ልለጥፍ ነው። አንዱን ዲዛይን ለሁለቱም ጎን ብጠቀም ችግር አለው?»

እህቴ፣ ሰላም ለአንቺም ይሁን። ባነሩን አየሁት። ላላዩት ልግለጸው። ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፍሌክስ ነው። በግራ በኩል ኤል ሼፕ ሶፋ አለ። መሐል ላይ «ታላቅ ቅናሽ» የሚለው ጽሑፍ ወደ ቀኝ ከፍ እያለ ይሄዳል። ሥሩ የሱቁ ስም፣ ከዚያ ሥር ስልኩ፣ ሁለቱም መሐል ለመሐል ተቀምጠዋል። በአራቱ ማዕዘን ደግሞ ቀያይ ቀስቶች ወደ ውስጥ ይጠቁማሉ።

ደንበኛሽ የተሰማው ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረሽም። ሶፋው ፊቱን ወደ ግራ አዙሯል። ከባነሩ ወጥቶ ሊሄድ ነው። ርዕሱ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። ቀስቶቹ ከአራት ወገን ወደ መሐል ይገፋሉ። ስሙና ስልኩ ወዴትም አይሄዱም። አንዱ የጎተተውን ሌላው ይመልሰዋል፤ ሲደመር ዜሮ ነው። ዓይን መሄጃ ሲያጣ ቆም ይላል፣ ከዚያ ጥሎሽ ይሄዳል።

አቅጣጫን በኋላ እንደሚጨመር ነገር አትቁጠሪው። ባዶ ባነር ላይ የመጀመሪያውን ነገር ስታስቀምጪ አቅጣጫ አብሮ ገብቷል። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ወይም ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጥ ቅርጽ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ሦስት ነጥብ ተከታትሎ ከተቀመጠ መስመር ሆነ። ነጥቦቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ከሄዱ መስመሩ ወዴት እንደሚሄድም ታወቀ። የሰው ዓይን፣ የመኪና አፍንጫ፣ የጫማ ጫፍ፣ ጀበናው ቡና የሚቀዳበት አፍ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ። ባዶ ቦታ እንኳ ያመለክታል። የፌዴክስን፣ የአሜሪካውን ዕቃ አመላላሽ ድርጅት፣ አርማ ከፍተሽ እዪ። ሊንደን ሊደር የሚባል ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የሠራው። በላቲኑ ኢ እና ኤክስ መካከል የተረፈው ነጭ ቦታ ወደ ቀኝ የሚጠቁም ቀስት ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ሲያየው ኖሮ ቀስቱን ልብ አይለውም።

ስለዚህ ያንቺ ሥራ መምረጥ ነው። ባነሩ ላይ ካሉት ጎታቾች አንዱን መሪ ታደርጊዋለሽ። ሌሎቹ ወይ ይከተሉታል፣ ወይ ዝም ይላሉ። ቀስት የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም።

ዋናዎቹ አቅጣጫዎች ሦስት ናቸው፦ አግድም፣ ቁምና ሰያፍ። (ጥምዝም አለ፤ እሱ የዋህና ዘገምተኛ ነው፣ ለሕፃናት ልብስና ለውበት ሳሎን ይሆናል። ዛሬ እንለፈው።) የሦስቱን ልዩነት በደንብ ማየት ከፈለግሽ የአክሱምን ሐውልቶች ፎቶ ክፈቺ። ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 እንደገና የተተከለው ሐውልት 24 ሜትር ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትልቁ፣ 33 ሜትር የሚሆነው፣ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። የንጉሥ ኢዛና የሚባለው 21 ሜትር ገደማ ነው። አልወደቀም፤ ግን ትንሽ ዘመም ብሏል። የሦስቱም ቅርጽ ይመሳሰላል። የሚሰጡሽ ስሜት ግን ለየቅል ነው። በቆመው ፊት ሰው ቀና ይላል። የተጋደመው ዕረፍት አለው፤ ያለቀ ነገር ነው። ያዘመመው ላይ ግን ዓይንሽ ይቆያል። «ሊወድቅ ይሆን እንዴ?» ትያለሽ።

ሰያፍ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። ያላለቀ ነገር ነው። ወይ ሊወድቅ ነው፣ ወይ ሊነሳ። ሰውነታችን የመሬትን ስበት ስለሚያውቀው ማብራሪያ አይፈልግም። አብዮተኞች ሰያፍን የወደዱት ያለ ነገር አይደለም። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኤል ሊሲትስኪ እ.ኤ.አ. በ1919 በሠራው ፖስተር ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን (አብዮተኞቹ ናቸው) በሰያፍ ገብቶ ነጩን ክብ (ጠላቶቻቸውን) ይወጋዋል። ማንበብ የማይችል ሰውም ማን ማንን እንደወጋ ይገባዋል። በደርግ ጊዜ ግድግዳ ላይ የነበሩትን ፖስተሮች ታላላቆችሽን ጠይቂያቸው፤ ወደ ላይ የተዘረጋውን ክንድና የተጨበጠውን እጅ አይረሱትም። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር አለ። ከላይ በሰያፍ ይወርድና ዘንዶው ላይ ያርፋል። ዓይንሽ ጦሩን ሳይከተል አይቀርም። ሠዓሊው ቀስት አላስፈለገውም።

የሰያፍ ችግሩ እንደ በርበሬ መሆኑ ነው፤ ሲበዛ ምግቡ ይጠፋል። ባንድ ባነር ላይ አንድ ሰያፍ ይበቃል። ሁለት ከሆኑ ትይዩ ይሁኑ። ደግሞ ከደፈርሽ ድፈሪ። ሁለትና ሦስት ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ጽሑፍ ሰቃዩ አጣሞ የሰቀለው ይመስላል። እኔ ከ7 ዲግሪ በታች አልሠራም፤ ከ15 በላይ ደግሞ ማንበብ ያስቸግራል። ይህ የኔ ልማድ ነው፤ አንቺ የራስሽን ታገኛለሽ።

ወዴት ያዘንብል? ከግራ ወደ ቀኝ ስለምናነብ፣ ከግራ ታች ተነስቶ ወደ ቀኝ ላይ የሚሄድ ሰያፍ ዕድገትና ጉዞ ይመስለናል። ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚሄደው ቁልቁለት ይመስላል። ለዚህ ነው «ቅናሽ» የሚለውን ቃል ሽቅብ ስትጽፊው አንድ ነገር የከነከነኝ። ዋጋው ወረደ ነው የምትይው፤ ፊደሉ ይወጣል። ስህተት አይባልም፣ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ቁልቁል ብታደርጊው ግን ከመንገዱ ባነር ሁሉ ይለይሽ ነበር።

ይህ ከግራ ወደ ቀኝ የሚባለው ነገር ልማድ ነው። በዓረብኛ ያነበበ ዓይን ከቀኝ ይጀምራል። የኛው ፊደል የመጣበት የሳባ ጽሕፈት ራሱ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄድ ነበር፤ አንዳንድ ድንጋይ ላይም አንዱን መስመር ወደ ግራ፣ ቀጣዩን ወደ ቀኝ እያመላለሱ ጽፈውበታል። ላንቺ ሥራ ይህ የሚጠቅመው የሐላል ሥጋ ቤት ታፔላ ሲመጣልሽ ነው። ዓረብኛውን ከአማርኛው ሥር በግራ ጠርዝ አታስጀምሪው። ቀኝ ጠርዝ ይያዝ። ሁለቱ ከሁለት ጫፍ ተነስተው መሐል ይገናኛሉ፤ መሐል ላይ የሥጋ ቤቱን ምልክት ታስቀምጫለሽ። አለቀ።

ፊደላችን የራሱ ጉተታ አለው። የኦንላይን ኮርሱ የላቲን ስለሆነ ይህን አይነግርሽም። ቡ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱን ተመልከቺ። ቅጥያው በቀኝ ጎን ነው የወጣው። ቢ፣ ሊ፣ ሚም እንዲሁ፣ ከታች በቀኝ። የቤ፣ የሌ፣ የሴ ቀለበትም በቀኝ ነው። አብዛኛው ፊደል እግሩን ወደ ቀኝ ይዘረጋል። ስለዚህ ተራ የአማርኛ ጽሑፍ ሳትነኪውም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ምስል በጽሑፉ ቀኝ ስታስቀምጪ ፊደሉ ራሱ ይገፋልሻል።

ሌላው ነገር፣ ፊደል ካፒታል የለውም። ላይና ታች የሚዘልል ጭራም እንደ ላቲኑ አይበዛበትም። አንድ መስመር አማርኛ ከሩቅ ሲታይ ወፍራም አግድም ቀበቶ ነው። ሦስት መስመር መሐል ለመሐል ስትደረድሪ ሦስት ቀበቶ ተደራረበ። የአግድም ጸጥታ ሦስት ጊዜ ተባዛ። «ዝም ያለ ነው» ከሚሉሽ ነገር ግማሹ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

እሱን ለማንቃት ብለሽ ግን ፊደሉን ኢታሊክ፣ ማለትም ያዘመመ፣ አታድርጊው። የላቲኑ ኢታሊክ እ.ኤ.አ. በ1500 አካባቢ ቬኒስ ውስጥ ከእጅ ጽሕፈት ተወስዶ የተቀረጸ፣ ራሱን የቻለ ፊደል ነው። የኛ ፊደል እንዲህ ያለ ወንድም የለውም። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ይገፈትረዋል። የበ እግሮች ይጣመማሉ፣ የዐ ክብ እንቁላል ይሆናል። ዝንባሌ ከፈለግሽ ፊደሉን ሳትነኪ መስመሩን በሙሉ አዙሪው። ፊደሉ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መስመሩ ይወጣል ወይም ይወርዳል።

ቁምን ደግሞ ያለ አግባብ ትተነዋል። ፊደል አንዱ ካንዱ ሥር ሲደረደር እንደ አማርኛ የሚያምር የለም። እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ ድምፅ ነው፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው። «ካፌ» 2 ፊደል ነው። «ሆቴል» 3 ነው። «ፋርማሲ» 4 ነው። «ዳቦ» በፊደል 2 ሲሆን በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ daabboo ተብሎ 7 ሆሄ ይፈጃል፤ አፋን ኦሮሞ ረጅሙን አናባቢ ደርቦ፣ የሚጠብቀውንም ደርቦ ስለሚጽፍ። ባንቺ አካባቢ ሁለቱም ቋንቋ ያስፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ አግድም አድርጎ ማጨናነቅ የተለመደ ነው። ለምን? አማርኛውን በቁም፣ ቁቤውን በአግድም አድርጊው። አንዱ ለሌላው ምሰሶ ይሆነዋል። ሁለት አቅጣጫ ተገኘ፤ ሁለቱም ቋንቋ በትልቁ ተነበበ፤ ማንም አነሰብኝ አይልም።

ወደ ፎቶ ልሂድ። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚጠፋው።

ሰው ፊት ካየ ፊቱ የሚያየውን ያያል። ይህን ሠዓሊዎቻችን ድሮ ያውቁታል። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩሻል። ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ፊት ለፊት የሚያይሽ ያቆምሻል። በጎን የተሳለው ወደሌላ ይመራሻል። ላንቺ ሁለቱም መሣሪያ ናቸው። የፀጉር ቤት ባነር ላይ ሞዴሏ ፊት ለፊት ካየች ሰው እሷን ያያል፣ ዋጋውን አያይም። ወደ ዋጋው ዞር ካለች ሰውም ይዞራል። ወደ ባነሩ ጠርዝ ካየች ግን ሰውን ይዛ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደች።

«እንግዲያው ፎቶውን ፍሊፕ አደርገዋለሁ» እንዳትይ። እጅሽን ሰብስቢ። መኪናን ፍሊፕ ብታደርጊ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ታርጋውም ተገልብጦ ይነበባል። የምግብ ቤት ፎቶ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። በቀኝ እጇ ጉርሻ የምታጎርሰውን ሴት ስታገላብጫት በግራ እጇ አጉራሽ ሆነች። ዲዛይነሩ አያየውም። ባለ ምግብ ቤቷ ግን ገና ከበር ታየዋለች፤ አትከፍልሽም። ነጠላም በየትኛው ትከሻ እንደተጣለ የሚያዩ ሰዎች አሉ።

ያንቺ ሶፋ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኤል ሼፕ ሶፋ ግራና ቀኝ አለው። ረጅሙ ክንድ በግራ የሆነውና በቀኝ የሆነው ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። የሳሎኗን ማዕዘን ለክታ የመጣች ደንበኛ «ባነሩ ላይ ያለውን» ብትል ባለሱቁ የለውም። ስለዚህ አታገላብጪው፤ አዛውሪው። ሶፋውን እንዳለ ወደ ባነሩ ቀኝ ጫፍ ውሰጂው። ፊቱን ወደ ግራ እንዳዞረ አሁን የሚያየው ጽሑፉን ሆነ። ባነርሽ ግማሽ በግማሽ በዚህች አንድ እርምጃ ይድናል። የምታስቀሪውን ባዶ ቦታም አስተውዪ፤ ከሶፋው ፊት ያለው ክፍት ቦታ ከጀርባው ካለው ሰፋ ይበል። ጀርባውን ጠርዝ ላይ አስጠጊው። የሚሄድ ወይም የሚያይ ነገር ከፊቱ አየር ይፈልጋል።

አሁን ብዙ ዲዛይነር የሚዘነጋው ነገር ላይ ደረስን። ባነሩ ከስክሪንሽ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ ይሰቀላል። አቅጣጫው የሚወሰነው እዚያ ነው። ኮርሱ ሰው በላቲኑ ኤፍ (F) ቅርጽ ያነባል፣ ላዩን አግድም ካየ በኋላ በግራ ጠርዝ ይወርዳል ብሎሽ ይሆናል። ያ ያኮብ ኒልሰን የሚባል የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰዎች ድረ ገጽ ሲያነቡ ዓይናቸውን ተከታትሎ ያገኘው ነው። አደባባዩ ላይ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ድረ ገጽ አያነብም። ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ «ወራጅ አለ» ማለት ያለበትን ቦታ ይፈልጋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ያልፋል። ሦስት ሰከንድ ቢያይሽ 33 ሜትር አለፈ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጎታች እንጂ አራት አይነበብም።

ከዚህ የሚከተለውን ረጋ ብለሽ አስቢው፣ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። እኛ አገር መኪና በቀኝ ነው የሚነዳው። ስለዚህ ለተሳፋሪው ቅርብ የሆነው ሱቅ በቀኙ ያለው ነው። ከሱቅሽ ፊት ቆመሽ ባነሩን እዪው። ጽሑፉ ከግራሽ ይጀምራል። ከቅርቡ መስመር የሚመጣው ሚኒባስ ግን ከቀኝሽ መጥቶ ወደ ግራሽ ነው የሚያልፈው። ማለትም ተሳፋሪው መጀመሪያ የሚደርሰው በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ነው። አረፍተ ነገሩን ከኋላው ይገባበታል። መንገዱን ተሻግሮ ባለው መስመር የሚሄደው ብቻ ነው ካነባበቡ ጋር አብሮ የሚያልፈው፤ እሱ ደግሞ ሩቅ ነው።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሚሆን ባነር ከሆነ፣ የቀኝ ጫፉ ወርቅ ነው። መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። እዚያ ላይ ምን ዓይነት ሱቅ እንደሆነ የሚናገር ትልቅ ምስል ይሁን። ሶፋውን ወደ ቀኝ አምጪው ያልኩሽ ለዚህም ጭምር ነው። መጀመሪያ ሶፋ ያያል። ሶፋው ወደ ግራ ያያል። ሚኒባሱም ወደ ግራ ይሄዳል። ስሙ ጋ ሲደርስ አንብቦታል። ሶፋው፣ መኪናውና ዓይኑ አንድ መንገድ ያዙ ማለት ነው። ቀስት የት ያስፈልጋል?

ከመንገዱ ጋር ትይዩ ሳይሆን ወደ መንገዱ ጎልቶ የሚወጣ ባለሁለት ገጽ ታፔላ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ሰው ፊት ለፊት ያየዋል። ወጪው ትንሽ ይበልጣል። እኔ ብሆን ደንበኛውን ባነሩን አሳንሶ ይህችን እንዲጨምር እመክረዋለሁ። በቁም የተደረደረ «ሶፋ»፣ ሁለት ፊደል፣ ከሩቅ ይነበባል።

ሲሰቀል ከኋላው ምን እንዳለም ሄደሽ እዪ። በከተማው ዳር ግማሹ መንገድ ገና ግንባታ ላይ ነው። የቆርቆሮ አጥር ካለ፣ ቆርቆሮው በቁም መስመር የተሞላ ነው። እዚያ ላይ ቀጭን ቁም ሮል አፕ (ተዘርግቶ በራሱ የሚቆም ባነር) ብታቆሚ ይጠፋል፤ አግድም ባነር ይወጣል። የኮንዶሚኒየም ብሎክ ፊት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በረንዳና መስኮቱ በአግድም ተደርድሯል፣ ስለዚህ ቁሙ ይታያል። የባሕር ዛፍ እንጨት የተደገፈበት ሕንፃ ካለ ደግሞ ሰያፍሽን ቤትሽ ትተሽ ነዪ። እዚያ ሰያፍ እንጨት ሞልቷል፤ ያንቺም ማገር መስሎ ይቀራል። ከበስተኋላው የተለየ አቅጣጫ ያለው ነው የሚታየው። ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ቦታውን ፎቶ አንሺ፣ ዲዛይኑን ፎቶው ላይ ለጥፈሽ እዪው። ከዚያ በፊት አታትሚ።

ባነሩን ወደ ማረሙ እንመለስ። ፋይሉን ቅጂና ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ፊደሉ እስከማይነበብ ድረስ አደብዝዢው። አሁን የቀሩት ጥላዎች ናቸው። በላያቸው በቀይ መስመር እያንዳንዱ ወዴት እንደሚጎትት አስምሪ። ያንቺ ላይ ሳደርገው የተጣላ ሰፈር መሰለ። ከዚያ ይህን አድርጊ። ሶፋው ቀኝ ጫፍ ይሂድ። አራቱንም ቀስት አጥፊ። ጽሑፉን ሁሉ መሐል ለመሐል ከማድረግ ተዪና በግራ ጠርዝ አሰልፊው፤ ሦስቱ መስመሮች የሚጀምሩበት ቦታ የማይታይ ቁም መስመር ይሆናል፣ ከአግድሙ ቀበቶ ጋር ይመዛዘናል። «ታላቅ ቅናሽ» ብቻውን ያዘንብል፤ ሶፋው ጋ የሚያደርስ ይሁን። ስሙና ስልኩ ጸጥ ብለው ይቀመጡ። የሚሮጥ ነገር ሁሉ የቆመ ጎረቤት ካላገኘ መሮጡ አይታወቅም።

መሐል ለመሐል ማድረግን ግን ኀጢአት አታድርጊው። ጀርመናዊው ዲዛይነር ያን ቺኾልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ መሐል የተደረደረ ጽሑፍን አጥብቆ ሲቃወም ነበር። በኋላ ራሱ ተመልሶ ወደ መሐል መጣ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር የመጻሕፍት ዲዛይን ሲሠራም እዚያው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ግሩም ሥራ ሠርቷል። የሠርግ ካርድ፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሲመጣልሽ ጸጥታው ነው የሚፈለገው። እዚያ ላይ ሰያፍ ብታስገቢ ነውር ነው። የቅናሽ ባነር ላይ ግን ጸጥታ ደንበኛ ያባርራል።

ባለሱቁ «ቀስቶቼን የት አደረስሽ?» ካለ ደግሞ አትከራከሪው። አሮጌውንና አዲሱን በኤ4 አትመሽ አስፋልቱን ተሻግረሽ አሳዪው። የግድ ካለ አንድ ቀስት ስጪው፣ በሩን የሚያሳይ። ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ግን ብቻውን አታድርጊ። አንዱ «ቀጥ ብለህ ሂድ» ይለዋል፣ ሌላው ደረጃ መውጣት ይጀምራል። ሱቁ ፎቅ ላይ ከሆነ «2ኛ ፎቅ» ብለሽ ጻፊበት። ባለሁለት ገጽ ታፔላ ላይ ቀስት ካለ ደግሞ ሁለቱን ገጽ ከአንድ ፋይል አታትሚ። አንደኛው ገጽ ወደ ቀኝ ካለ፣ የጀርባው ወደ ግራ ማለት አለበት። ካልሆነ በአንድ ወገን የሚመጣውን ሰው ወደተሳሳተ በር ትሰጂዋለሽ።

አይሱዙው ላይም ያለው ነገር ይኸው ነው፤ አንድ ዲዛይን ለሁለቱም ጎን አይሆንም። በመኪናው ቀኝ ጎን ጽሑፉ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ይነበባል። ወደ ቀኝ የሚሮጥ ምስል ከመኪናው ጋር ወደ ፊት ይሮጣል። በግራ ጎን፣ በሹፌሩ በኩል፣ ጽሑፉ ከጋቢናው ጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያንኑ ምስል እንዳለ ብትለጥፊው ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስላል። ስለዚህ በግራ ጎን የሚሮጠው ምስል፣ የፍጥነት መስመሩና ሰያፉ ይገልበጥ፤ አፍንጫው ወደ ጋቢናው ይሁን። ጽሑፉና ስልኩ አይገለበጡም። ሶፋውም አይገለበጥም፣ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ ለዚያኛው ጎን ፊቱ ወደ ሌላ የሆነ ሶፋ ፎቶ ባለሱቁን ጠይቂው። ኮምፒውተርሽ ላይ ሁለት ፋይል ክፈቺና አንዱን «የሹፌር በኩል»፣ ሌላውን «የረዳት በኩል» ብለሽ ሰይሚው። ግራና ቀኝ ብለሽ ከሰየምሽው ለጣፊው ከፊት ቆሞ ያይና ያቀያይርብሻል።